የፓምፑ ዝምታ፦ ዕድሜ ሲገፋ የፕሮስቴትን ጤንነት ስለ መጠበቅ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



አንድ የውሃ ፓምፕ ከተሠራለት ልክ በላይ በሆነ ግፊት ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ጉዳቱ በመጀመሪያው ቀን አይታይም። ውሃው እስከ ወጣ ድረስ ተጠቃሚው ሁሉም ነገር ደኅና ነው ብሎ ያምናል። መሐንዲሱ ግን የግፊት መለኪያውን ተመልክቶ ፓምፑ ዕድሜውን እያሳጠረ መሆኑን ይረዳል። የወንዶች ዕድሜ ሲገፋ የሚከሠተው የፕሮስቴት ዕጢ ማደግም በጠባዩ ከዚህ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል።

ፕሮስቴት ከዘር ፈሳሽ ከፊሉን የሚያመነጭ፣ በወጣትነት ዘመን 20 ግራም ያህል የሚመዝን ዕጢ ነው። ስፍራው ከሽንት ፊኛ ሥር ሲሆን የሽንት መውጫው ቱቦ በመካከሉ ያልፋል። የችግሩ ምንጭም ይኸው አቀማመጥ ነው፤ ዕጢው ሲያድግ ቱቦውን ይጫነዋልና። ይህ ዕድገት ከ50 እስከ 60 ዓመት ካሉት ወንዶች በግማሽ ያህሉ፣ ከ80 ዓመት በላይ ካሉት ደግሞ እስከ 90 በመቶ በሚደርሱት ላይ ይገኛል። ዕድገቱ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። የዕጢው ትልቅነት ብቻውንም የችግሩን ክብደት አያመለክትም። ትልቅ ዕጢ ይዞ ያለ ችግር የሚኖር ሰው እንዳለ ሁሉ፣ በትንሽ ዕጢ ሽንቱ የሚከለከልም አለ።

ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ፖዋዜይ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ሳይናወጥ የሚያልፍ ፈሳሽ መጠን የቱቦው ራዲየስ አራተኛ ኃይል ተከታይ ነው። ራዲየሱ በግማሽ ቢቀንስ በዚያው ግፊት የሚያልፈው ፈሳሽ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። የሽንት ቱቦ ለስላሳና ተለጣጭ በመሆኑ ሕጉ በቀጥታ አይሠራበትም፤ ሆኖም ጥቂት መጥበብ ብዙ ተጨማሪ ግፊት እንደሚጠይቅ በግልጽ ያሳያል። ይህን ግፊት የሚሸከመው የፊኛው ጡንቻ ነው። ጡንቻው ሥራው ሲከብደው ይወፍራል፤ ለጊዜውም ሽንቱን እንደ ወትሮው ያስወጣል። ባለቤቱም ለውጡን ሳያስተውል ይለምደዋል። የአደጋው ሥር ይኸው መልመድ ነው።

ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፤ ሽንት ለመጀመር መዘግየት፣ የአወራረዱ መድከም፣ መቆራረጥ፣ ፊኛው እንዳልተራቆተ መሰማት፣ ድንገተኛ ጥድፊያ፣ ሌሊት ደጋግሞ መነሣት። በመሣሪያ ሲለካ በሰከንድ ከ15 ሚሊ ሊትር በላይ የሚደርስ ከፍተኛ ፍሰት በአብዛኛው ደኅና ነው። ከ10 በታች ሲሆን ቱቦው መዘጋቱን ወይም የፊኛው ጡንቻ መድከሙን ያመለክታልና ተጨማሪ ምርመራ ያሻል። ችላ ሲባል ግን በፊኛው ውስጥ የሚቀረው ሽንት ለኢንፌክሽንና ለጠጠር መንሥኤ ይሆናል። ግፊቱም ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ ያለ አንዳች ሕመም ይፈጸማል። ስለሆነም የሕመም አለመኖር የጤንነት ማረጋገጫ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

የፕሮስቴት ካንሰር ከዚህ የተለየ በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቱቦው ርቆ በዕጢው ዳርቻ በመሆኑ፣ በመነሻው ላይ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለው የደም ምርመራ ጥርጣሬን ይጠቁማል እንጂ ፍርድ አይሰጥም፤ ልኩ በዕጢው ማደግና በኢንፌክሽንም ከፍ ይላልና። ቁርጡን የሚያስታውቀው ከዕጢው የሚወሰደው ናሙና ነው። አንዳንዱ ካንሰር በጣም በዝግታ ስለሚያድግ ወዲያው ከማከም ይልቅ በቅርብ መከታተሉ የሚመረጥበት ጊዜ አለ። በመሆኑም ምርመራውን ማድረግ ጥቅሙና ጉዳቱ ተመዝኖ ከሐኪም ጋር የሚወሰን ጉዳይ ነው። አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ግን ምክክሩን ከ45 ዓመት ገደማ ቢጀምር ይበጀዋል።

ለዕጢው ማደግ ሕክምናው ብዙ ነው። እንደ ታምሱሎሲን ያሉት መድኃኒቶች የፊኛውን አንገት በማላላት በቀናት ውስጥ ያስታግሣሉ፤ እንደ ፊናስተራይድ ያሉት ዕጢውን ለማሳነስ ወራት ይፈጃሉ። ፊናስተራይድ የፒ.ኤስ.ኤ.ን ልክ በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ፣ ተጠቃሚው ይህንኑ ለመርማሪው ሐኪም መግለጽ አለበት። መድኃኒት ካልበቃ በቱቦው በኩል በሚገባ መሣሪያ ወይም ሆድን በመክፈት ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ብዙዎች ወንድነታቸውን የሚያጡ መስሏቸው ይፈሩታል። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ የግንኙነት ችሎታ በአብዛኛው አይጠፋም፤ የዘር ፈሳሹ ግን ወደ ውጭ በመውጣት ፈንታ ወደ ፊኛው ሊመለስ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከፍርሃት ያድናል።

በመስክ የሚውል ባለሙያ በረጅም መንገድና በረጅም ስብሰባ ሽንቱን አፍኖ መዋልን፣ ወይም እንዳይቸገር ብሎ ቀኑን ሙሉ ውሃ አለመጠጣትን ልማድ ያደርጋል። ሁለቱም አይበጁም። የሚሻለው ቀን በበቂ መጠጣት፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሰዓታት መቀነስ፣ ማታ ማታ ቡናና የአልኮል መጠጥ ማሳነስ ነው። አፍንጫን የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም ሽንትን በድንገት ሊያግዱ ስለሚችሉ፣ ምልክቱ ያለበት ሰው ፋርማሲስቱን ሳይጠይቅ ሊወስዳቸው አይገባም። በሽንት ውስጥ ደም የታየበት ሰው ቀን ሳይቈጥር ይመርመር፤ ሽንቱ ጨርሶ የተከለከለ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአበው ቃል በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ ይልቅ ይሠራል። ስለ ድልድይ ስንጥቅና ስለ ግድብ ስርገት በግልጽ የሚነጋገር ባለሙያ፣ ስለ ራሱ አካል ሲሆን በእፍረት ዝም ማለቱ ከሙያው ጋር አይስማማም። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ለጥቂት ቀናት በወረቀት ጽፎ ለሐኪሙ ቢያቀርብ፣ ለምርመራው ጥሩ መነሻ ይሆነዋል። አንጋፋው ባለሙያ ይህን ለወጣቱ ባልደረባው ቢነግር፣ ወጣቱም ለአባቱ ቢያደርስ፣ ሊድን የሚችል ኩላሊት በዝምታ ምክንያት ከመጥፋት ይተርፋል።