ስለ ልጆች ዜማና ስለ ሙታን መዝገብ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው ነገር መጀመሪያ ሲሰሙት ለእድር የሚስማማ አይመስልም፤ ስለ ልጆች ጨዋታ ነውና። ነገር ግን በየለቅሶው ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለን ከአንዳንድ አባሎቻችን ደጋግመን የሰማነው ጥያቄ ስለሆነ፣ በወሬ ብቻ ከሚቀር ብለን ጽፈን ይዘን ቀርበናል። ጥያቄው ይህ ነው። የልጅ ልጆቻችን ከመዋለ ሕፃናት ይዘውት የሚመጡት «ሪንግ ኤ ሪንግ ኦ ሮዝስ» የሚባለው የእንግሊዝ ልጆች ዜማ የሬሳ ዘፈን ነው ይባላልና፣ ልጆቹን እንከልክላቸው ወይስ እንተዋቸው?

ጨዋታውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው ይዞራሉ። ስለ ጽጌረዳና በኪስ ስለተሞላ አበባ ያነሳሉ፣ እንደማስነጠስ ይላሉ፣ በመጨረሻ ሁሉም መሬት ላይ ዘጭ ነው። ከዚያ ወዲያ ሳቅ ብቻ።

የሚወራው ትርጉም ደግሞ ሌላ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1665 ዓ.ም. የለንደንን ከተማ ታላቅ ቸነፈር መትቷት ነበር። (ከዚህ በኋላ ስለ እንግሊዝ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው።) ታዲያ ጽጌረዳው በበሽተኛው ገላ ላይ የሚወጣው ቀይ ምልክት ነው፣ አበባው ሽታውን ለመከላከል የሚያዝ ነው፣ ማስነጠሱ የበሽታው መጀመሪያ ነው፣ መውደቁም ሞት ነው ይላሉ። ሁሉም ነገር ልክክ ብሎ ይገጥማል። እኛን ያጠራጠረን እንግዲህ ይኸው ልክክ ማለቱ ነው። በጽሕፈት ሥራ ብዙ ዘመን የቆየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሂሳቡ ከመጠን በላይ ያማረ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ መታየት አለበት።

ሁለት ጊዜ ሲታይም እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ይህ ዜማ በእንግሊዝ አገር መጀመሪያ በመጽሐፍ የታተመው በ1881 ዓ.ም. ኬት ግሪናዌይ የምትባል ሠዓሊ ባዘጋጀችው የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ነው። ከቸነፈሩ 216 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያ መጽሐፍ ላይ ደግሞ ማስነጠስ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። የቸነፈሩ ትርጉም በሰፊው የተወራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። የልጆችን ግጥምና ጨዋታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሰበስቡ የኖሩት ባልና ሚስት፣ አዮና ኦፒና ፒተር ኦፒ፣ ትርጉሙን አልተቀበሉትም።

የበሽታውም ጠባይ ቢሆን አይመሰክርለትም። ቸነፈር በብሽሽት፣ በብብትና በአንገት ላይ ትልልቅ ንፍፊት የሚያወጣ፣ ብርቱ ትኩሳት ያለው፣ ከአይጥ በቁንጫ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ማስነጠስ ዋና ምልክቱ አይደለም። መውደቁንም ቢሆን የጀርመን ልጆች በተመሳሳይ ጨዋታቸው ቁጢጥ ነው የሚሉት፤ እንግሊዞቹም ዘንድ በአንዳንድ ቦታ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣት ነበር። ከወደቁ በኋላ የሚነሡበት ስንኝ ያለበት ቦታም አለ። የሞተ ሰው ይነሣል እንዴ?

ከወሬው ውስጥ እውነት ሆኖ የሚገኘው የሽታው ነገር ነው። በዚያን ዘመን በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ አየር ነው ተብሎ ስለሚታመን ሰዎች መልካም መዓዛ ያለው ቅጠል ይይዙ ነበር። ሳሙኤል ፒፕስ የተባለው የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ በር ላይ የተቀባውን ቀይ መስቀል ባየ ቀን ደንግጦ ትምባሆ ገዝቶ እንዳሸተተና እንዳኘከ በዕለት ማስታወሻው ጽፏል። የየዕለቱን እንዲህ ሲጽፍ የኖረ ሰው ይህን ዜማ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም።

ስለዚህ ልጆቹ ይጫወቱ። በእኛ በኩል ነገሩ አልቋል።

ወሬው ለምን እንደሚጥመን ግን ይገባናል። ያን ያህል ሬሳ ያየ ከተማ ለልጆቹ አንዳች ነገር ሳያወርስ አይቀርም ብሎ ሰው ያስባል። አውርሷልም፤ ነገር ግን በዜማ ሳይሆን በመዝገብ ነው። እኛን ከሁሉ ይልቅ የነካንም ይኸው ነው።

በለንደን ውስጥ እያንዳንዱ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ነበረው። ሰው ሲሞት ደወል ይደወላል፤ እኛ ጥሩንባ እንደምናስነፋ መሆኑ ነው። ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ድሆች ሴቶች፣ አብዛኞቹ አሮጊቶች፣ ሬሳውን አይተው በምን እንደሞተ ለጸሐፊው ይነግራሉ። ጸሐፊው ቁጥሩን በየሳምንቱ ያስተላልፋል፤ የሁሉም ተደምሮ በወረቀት ታትሞ ሐሙስ ሐሙስ ይሸጥ ነበር። በዚህ መዝገብ መሠረት በ1665 ዓ.ም. በቸነፈሩ የሞቱት 68,596 ናቸው። በመስከረም ወር ውስጥ በአንዲት ሳምንት ብቻ 7,165 ሰው ሞቷል።

ቁጥሩ ግን ጎዶሎ ነው። ቸነፈር ገባበት የተባለ ቤት፣ በሽተኛውም ጤነኛውም አንድ ላይ ሆነው፣ 40 ቀን ይዘጋበታል፤ ደጃፉ ላይ ዘበኛ ይቆማል። ስለዚህ ቤተ ዘመድ ለሴቶቹ ጉቦ እየሰጠ ሌላ በሽታ ያስጽፍ ነበር። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ የተረፉት ልጆች ከሬሳው ጋር እንዳይዘጋባቸው ነው። በነሐሴ ወር መጨረሻ ፒፕስ የአጥቢያውን ጸሐፊ መንገድ ላይ አገኘውና ስለ በሽታው ጠየቀው። ጸሐፊውም በዚህ ሳምንት ዘጠኝ ሰው ሞቶብናል፣ ያስተላለፍሁት ግን ስድስት ብዬ ነው አለው። በማግስቱ ፒፕስ የሳምንቱን ጠቅላላ ቁጥር ይዞ ሲጽፍ፣ በቸነፈሩ የሞቱት 6,102 ናቸው ቢባልም፣ የሳምንቱ ሟች በሙሉ ወደ 10,000 ሳይጠጋ እንደማይቀር አስታወሰ። የጎደሉት ከብዛታቸው የተነሣ ማንም ልብ ያላላቸው ድሆችና፣ ደወል አናስደውልም የሚሉት ክዌከር የተባሉት የሃይማኖት ወገኖች ናቸው።

ዘጠኝ ሞቶ ስድስት! እነዚያ ሦስቱ እነማን ነበሩ? ወንድ ይሁኑ ሴት፣ ሕፃን ይሁኑ ሽማግሌ ማን ጠየቀ? በልጆች ዜማ ውስጥ ብንፈልጋቸው አናገኛቸውም። ወደ አገራችን ስንመለስም በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ የረገፈው ሰው ብዙ ሺህ ነው። ኅዳር 12 ቀን ጭሱን በየዓመቱ እናጨሳለን፤ የስንቱን ስም እናውቃለን?

ይህን ሁሉ ያነሣነው በራሳችን እድር የመጀመሪያው መዝገብ ምክንያት ነው። ቅጠሎቹ በእርጥበት እየተበሉ ስለሆነ ኮሚቴው ወደ አዲስ መዝገብ እንዲገለበጥ ወስኗል። ስንገለብጥ ያየነው ነገር አለ። የአዋቂ ሟች ስም ከነአባቱ በደንብ ተጽፏል። ሕፃን ከሆነ ግን «የእገሌ ልጅ፣ አንድ ሕፃን» ተብሎ የወጣው ገንዘብ ብቻ ነው የሰፈረው። በዚያን ጊዜ ወጪው እንዲታወቅ እንጂ ሌላ አልታሰበበትም። አንዳንድ ሰዎች «ይኸ ያለፈ ነገር ነው፣ እንዳለ ይገልበጥ» ብለውናል። እኛ አልተስማማንም፤ በአዲሱ መዝገብ ላይ የእነዚህን ሕፃናት መስመር ክፍት አድርገን ትተነዋል።

የወር መዋጮ በሚከፈልበት ቀን ሁለቱም መዝገቦች ጠረጴዛው ላይ ይቆያሉ። እናት ወይም አባት በሕይወት ያላችሁ፣ ወይም እኅት ወንድም የሆናችሁ፣ መጥታችሁ ስሙን ንገሩን። የሚታወሰው የክርስትና ስም ብቻ ከሆነም ይጻፋል፤ ሙስሊም አባሎቻችንም እንዲሁ በምታስታውሱት ስም አስጽፉ። ስም ሳይወጣለት የሞተም ካለ የእናቱ ስም ከጎኑ ይሰፍራል። ማንበብና መጻፍ ያስቸግረኛል ብሎ የሚቀር እንዳይኖር፤ እስክሪብቶውን የምንይዘው እኛ ነን።