ፕላትሌት መቼ ይሰጥ? የመተማ ቆላ ሕሙማንና የጽኑ ሕክምና ውሳኔ



የዛሬው ንግግሬ ከአንድ ቁጥር ይነሣል፦ 18,000። ለትምህርት ያህል አንድ የሃያ ዓመት ወጣት እናስብ። ከደጋ ወርዶ በመተማ የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲሠራ ከርሟል። ለሳምንታት ትኩሳት አልለቀው ብሎ፣ ሰውነቱ ከስቶ፣ ሆዱም በጣፊያ ዕብጠት ተወጥሮ ጎንደር ይደርሳል። የሳንባ ምች ተጨምሮበት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገባል። የላቦራቶሪው ውጤት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 18,000 ፕላትሌት ይላል፤ የጤናማ ሰው መጠን ከ150,000 በላይ ነው። ወጣቱ አይደማም። ፕላትሌት እንስጠው ወይስ እንቆይ?

ብዙዎቻችን በቃል የያዝነው መነሻ 10,000 ነው፤ ከዚህ በታች የወረደ ሕመምተኛ ባይደማም ይሰጠዋል። ይህ ወሰን በዋናነት የተጠናው የደም ካንሰር መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ ነው። በእነርሱ ላይ ችግሩ መቅኔው ፕላትሌት አለማምረቱ ነው፤ ስለዚህ የተሰጣቸው ፕላትሌት በደም ሥር ውስጥ ይዘዋወራል፣ ሥራውንም ይሠራል።

የቆላው ወጣት ሕመም ግን ካላዛር ነው። ተሐዋሲውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጣጠቀው የዋልካ አፈርና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች፤ ሜዳ ላይ የሚያድረውን ሠራተኛም በሌሊት ትነድፋለች። ተሐዋሲው መቅኔን ይጎዳል፤ ጣፊያንም ያሳብጣል። ጤናማ ጣፊያ ከፕላትሌታችን ሲሶ ያህሉን ይይዛል፤ እጅግ ያበጠ ጣፊያ ግን እስከ ዘጠና በመቶ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የምንሰጠው ፕላትሌት አብዛኛው ወደዚያው ጣፊያ ይገባል። ቁጥሩን በዘላቂነት የሚያነሣው የካላዛር መድኃኒት ነው።

በመሆኑም ከመስጠታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ። አንደኛ፣ ቁጥሩ እውነት ነው? ፕላትሌት በናሙናው ብልቃጥ ውስጥ ሲጣበቅ ማሽኑ አሳንሶ ይቆጥራል፤ ስላይዱን በማይክሮስኮፕ ማየት ይህን ይገልጣል፣ ወባንም ያሳያል። ሁለተኛ፣ ለምን ወረደ? ካላዛር፣ ወባ፣ የደም መመረዝ፣ ዴንጊ ወይስ እኛ የሰጠነው መድኃኒት? በዴንጊ ምክንያት ቁጥሩ ለወረደበትና ብዙ ለማይደማ ሰው ፕላትሌት መስጠት አይመከርም። ሦስተኛ፣ እየደማ ነው ወይስ ልንወጋው ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው የኔዘርላንድስ ጥናት ከ10,000 እስከ 50,000 ፕላትሌት ባላቸው ሕሙማን ትልቅ ደም ሥር ውስጥ ቱቦ ሲገባ ተከታትሏል። ፕላትሌት አስቀድሞ ካልተሰጣቸው 11.9 በመቶ፣ ከተሰጣቸው 4.8 በመቶ ደምተዋል። ስለዚህ መቆጠብ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2019 ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የወጣው ጥናት፣ በ50,000 ወሰን የተሰጣቸው በ25,000 ከተሰጣቸው ይልቅ በብዛት መሞታቸውን ወይም ክፉኛ መድማታቸውን አሳይቷል። መስጠትም ሁልጊዜ ደግ አይደለም።

ለካላዛር ምርመራ ጣፊያን መውጋት ከ40,000 በታች ክልክል ነው። ለመውጋት ብለን ፕላትሌት ከመስጠት በጥቂት ደም ብቻ በሚሠራው ፈጣን ምርመራ እንጀምር፤ እርሱ ነጻ ቢያሳይና ጥርጣሬው ቢቀር መቅኔ እንመርምር።

ይህ ሁሉ የቁጠባ ጉዳይም ነው። ከአንድ ለጋሽ ደም የሚለይ ፕላትሌት የአንድን አዋቂ ቁጥር ከ5,000 እስከ 10,000 ያህል ብቻ ከፍ ያደርጋል፤ ጣፊያው ባበጠ ሰው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ፕላትሌት ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት፣ ሳያቋርጥ እየተወዘወዘ፣ በተለምዶ ለአምስት ቀን ብቻ ይቆያል። የመተማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከጎንደር ያለው መንገድም ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ በቆላው ያለው ሐኪም ዋና ውሳኔ ሕመምተኛውን ሳይደማ በጊዜ መላክ ነው። ጎንደር ላይ ለማይደማው የሰቀልነው ከረጢትም በዚያው ሌሊት ከወሊድ በኋላ ደም ለሚፈሳት እናት ሳይገኝ ሊቀር ይችላል።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። የመድማት ስጋቱ ከፍ ካለ ከ20,000 በታች መስጠትን የሚፈቅዱ መመሪያዎች ስላሉ፣ እስጠዋለሁ የሚል ባልደረባዬን አልነቅፍም። እኔ ግን እቆያለሁ። በጠና ስለታመመ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ እጀምራለሁ፤ ለሳንባ ምቹ አንቲባዮቲክ እሰጣለሁ፤ ጡንቻው ላይ መርፌ አልወጋም፤ ድዱን፣ ሽንቱንና ንቃቱን በየሰዓቱ አስከትላለሁ። ደም ከታየ ወይም ንቃቱ ከተለወጠ ሳልዘገይ እሰጣለሁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም ቁጥሩን ደግሜ እለካለሁ። የማይደማበት ሌሊት ለሐኪሙ ረጅም ነው፤ ብዙ ከረጢት የሚሰቀለውም ለሕመምተኛው ጥቅም ሳይሆን ለሐኪሙ መረጋጋት ሲባል ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ስትሰጡም ሆነ ስትቆዩ ምክንያታችሁን በካርዱ ላይ ጻፉ። ቁጥሩን ማንም ያነበዋል፤ ምክንያቱን ግን ሌሊት ተረኛው ሐኪም ከእናንተ ጽሑፍ ብቻ ያገኘዋል።