በፈቃድ ለመሥራት ማንን እንጠይቅ?

ለጎልማሳ ተማሪዎች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር

ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አጠገባችሁ አድርጉ። ዛሬ አዲስ ፊደል አንቆጥርም። ፊደል የቆጠረ ሰው ለጎረቤቱ ምን ሊሠራ እንደሚችል፣ ለዚህም የት ሄዶ ማንን መጠየቅ እንዳለበት እንነጋገራለን። ንግግሩ ታትሞ ስለሚደርሳችሁ ያመለጣችሁን በኋላ ቀስ ብላችሁ ታነቡታላችሁ።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የማስተምረው ላስታ፣ ኩልመስክ ነው። ቀን ልጆችን፣ ማታ ደግሞ የልጆቹን ወላጆች አስተምራለሁ። ከማታ ተማሪዎቼ አንዷ አምስት ልጆች ያሳደጉ እናት ነበሩ። ከገበያ ደክመው ሲመለሱም፣ ከወፍጮ ቤት አምሽተው ሲመጡም ከትምህርት አይቀሩም። የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ አንብበው የጨረሱ ዕለት መጽሐፉን አጠፉና እንዲህ አሉኝ።

«የኔታ፣ ይኸው ማንበብ ቻልሁ። አሁን ለማን ላንብብ?»

መልስ አጣሁ። «ለራስዎ ያንብቡ» ልላቸው ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ ግን ሌላ ነው። ልጆቹ አድገዋል፤ ጥቂት ጊዜ አግኝተዋል፤ ጉልበታቸውም ገና ነው። «የሚፈልገኝ ማን ነው?» ማለታቸው ነበር። ከእናንተም መካከል ይህን የሚጠይቅ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

ታዲያ ፍለጋውን ከሩቅ አትጀምሩ። በየመንደራችሁ ቅሬ አለ። አዲስ አበባ እድር የሚሉትን እኛ ወሎ ውስጥ ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ውኃና እንጨት የሚያቀርበው፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው ቅሬ ነው። ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚቀበል የለም። የበጎ ፈቃድ ሥራ ከከተማ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ቅሬን ያስታውስ። ወንፈልን ያስታውስ። የአቅመ ደካማ ማሳ በጅጌ ሲታጨድ ያላየ ማን አለ? በገና ሰሞን ላሊበላ የደረሰ ሰው ደግሞ ሌላም ያውቃል። ታኅሣሥ 29 ቀን ለሚከበረው በዓል ከየአገሩ በእግሩ የመጣውን እንግዳ የአገሩ ሰው ተቀብሎ እግሩን ያጥበዋል። የማን ወገን ነህ ብሎ አይመርጥም።

እኒያን እናት ወደ ቅሬው ዳኛ ላክኋቸው። የቅሬው ጸሐፊ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። መዝገቡን ማንበብ ስላቃታቸው ብዙውን ነገር በቃላቸው ይዘው ነበር የሚሠሩት። እሑድ ዕለት አባላቱ ሲሰበሰቡ እናቲቱ ተነሥተው መዝገቡን ከመጀመሪያው ስም እስከ መጨረሻው ድረስ ጮክ ብለው አነበቡ። ቀስ እያሉ፣ አንዳንዱን ስም ሁለት ጊዜ እየደገሙ ነው ያነበቡት። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ንባቡ ሲያልቅ አንዲት ሴት «የኔን ስም አልሰማሁም» አሉ። ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። መዝገቡ ሲገለጥ የባልየው ስም ተሰርዟል። በምትኩ የሚስትየው ስም አልተጻፈም። በየወሩ መዋጮ ሲከፍሉ ኖረዋል፤ በመዝገብ ግን የሉም። አንድ ሰው «እናውቃታለን እኮ፤ መጻፉ ምን ያደርጋል?» አለ። እናቲቱም «እኛ እናውቃታለን። ከእኛ በኋላ መዝገቡን የሚይዘው ሰው በምን ያውቃታል?» ብለው መለሱ። ስማቸው የዚያኑ ዕለት ተጻፈ። «እስቲ የቱ ነው?» ብለው አስጠቆሙና ጣታቸውን በስማቸው ላይ አሳረፉ። አሁን እሳቸውም የማታ ተማሪዬ ናቸው።

ስለ ቅሬ ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። ቅሬ ለሞተ ሰው ይደርሳል፤ ታሞ ለተኛው ግን ሁልጊዜ አይደርስም። በ1990ዎቹ ዓመታት ኤችአይቪ ብዙ ቤት ባፈረሰ ጊዜ በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ይህን ተነጋገሩበት። ቀብር ብቻ ምን ይበጃል ብለው የታመሙትን በየቤታቸው ወደ መጠየቅና ማስታመም፣ ወላጅ ያጡትን ልጆች ወደ መርዳት ተሻገሩ። የእኛም ቅሬዎች እንዲህ ቢያደርጉ እወዳለሁ። ሽማግሌዎቹ ግን «የቀብሩ ገንዘብ አይነካ፤ ክፉ ዘመን ሲመጣ በምን እንቀበራለን?» ይላሉ። እውነት አላቸው። የላስታ ሰው የ1966ንና የ1977ን ድርቅ ስለሚያውቅ ይህን ሲናገር በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡ ይቆይና ጉልበት እንስጥ። ለታመመ ጎረቤት ውኃ መቅዳት ሣጥን አያስከፍትም።

ከቅሬ ቀጥላችሁ የምትሄዱት ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ጤና ኬላ ነው። በትምህርት ቤት የወላጆችና የመምህራን ኅብረት አለ። በጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ሁለት ሆነው ሙሉ ቀበሌ ይዞራሉ፤ የሕፃናት ክትባት ቀን ሲደርስ በየቤቱ ሄዶ የሚነግርላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ቀበሌም ስትሄዱ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ሳታነቡ አትለፉ። በፊት ግድግዳ ነበር፤ አሁን ግን ይናገራችኋል።

ከመንደር ወጣ ያሉ ማኅበራትም አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ቀይ መስቀልን የማያውቅ የለም። የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 በኢጣሊያ አገር ሶልፌሪኖ በሚባል ቦታ ትልቅ ጦርነት ሆነ። አንሪ ዱናን የሚባል የስዊስ ነጋዴ ለጉዳዩ ሲሄድ በዚያ አለፈና በሺህ የሚቆጠር ቁስለኛ ወድቆ አየ። በአቅራቢያው ካስቲሊዮኔ የምትባል ከተማ ነበረች። የከተማዪቱ ሴቶች ወዳጅና ጠላት ሳይለዩ ቁስል ሲያጥቡና ውኃ ሲያጠጡ እሱም አብሮ ሠራ። ከዚያ ተነሥቶ ቀይ መስቀል በ1863 በጄኔቭ ተመሠረተ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዛሬ ዓለምን የሞላው ማኅበር የተጀመረው ማንም ሳይቀጥራቸው እንስራ ይዘው በወጡ ሴቶች ነው። ጦርነት ባለፈበት አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ሦስት ወር ሳይሞላው፣ መስከረም 1928 ላይ፣ ኢጣሊያ አገራችንን ወረረች። ማኅበሩ ገና በእግሩ ሳይቆም ቁስለኛ ወደ ማንሣት ገባ። ዛሬ በክልልና በዞን ከተሞች ቅርንጫፎች አሉት፤ አባልና በጎ ፈቃደኛ ይቀበላል፤ የመጀመሪያ እርዳታ አሰጣጥም ያስተምራል። እኔ መምህር ነኝና ሐምሌ 1 ሲባል ሌላም ነገር ትዝ ይለኛል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር፤ ልክ በ44ኛው ዓመት። ዘመቻው በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል። ያን ጊዜ ብዙ ተማሪና መምህር በየገጠሩ ወጥቶ አስተምሯል። እኔ ገና አልተወለድሁም ነበር፤ እናቴ ግን ስሟን መጻፍ የተማረችው በዚያ ዘመቻ ነው።

በክልላችን ደግሞ የአማራ ልማት ማኅበር፣ በአጭሩ አልማ የምንለው፣ አለ። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን አባላቱ በሚያዋጡት ገንዘብ ትምህርት ቤት ያሠራል። እንጨትና ድንጋይ የሚያቀርብ ጉልበትም ይፈለጋል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የምትፈልጉት ማኅበር ገና አልተመሠረተም ይሆናል። ወይዘሮ አበበች ጎበና ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ግሸን ማርያም የመጡት ለመሳለም ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1980 መሆኑ ነው። በእኛው በወሎ ምድር፣ በድርቁ፣ የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን አዩ። ወላጅ ያጡ ልጆች ይዘው ተመለሱ። ትዳራቸውን እስከማጣት ደርሰው ልጆቹን አሳደጉ፤ ሥራውም ትልቅ ማኅበር ሆነ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ሁላችንም እንደ እሳቸው እንሁን አልላችሁም። እኔም አልቻልሁም።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው ልምጣ። በአንድ ወቅት አንድ የማናውቀው ሰው ወረቀት ይዞ ወደ መንደራችን መጣ። «የእርዳታ ድርጅት ነን፤ ለመመዝገቢያ ገንዘብ ክፈሉ፤ ከዚያ ሥራም እህልም ይመጣል» አለ። ሰዉ ከፈለ፤ በጣቱም ፈረመ። ሰውየው ደረሰኝ አልሰጠም፤ ተመልሶም አልመጣም። ወረቀቱን በኋላ ሳነበው የድርጅት ስም እንኳ አልነበረበትም። ያን ዕለት አንድ ማንበብ የሚችል ሰው ከመካከላቸው ቢኖር ኖሮ ገንዘቡ አይሄድም ነበር።

ስለዚህ ስትጠየቁ ጠይቁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች መመዝገብ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ቅሬና እቁብ በዚህ አዋጅ አይገዙም፤ እነሱን የምናውቃቸው በጎረቤትነት ነው። ከውጭ የመጣ ድርጅት ግን የምዝገባ ምስክር ወረቀት አለው። «እስቲ ያሳዩኝ» ማለት ነውር አይደለም። ስሙን አንብቡ፤ ማኅተሙን እዩ፤ ከዚያ ቀበሌ ሄዳችሁ ታውቁታላችሁ ወይ በሉ። ጉልበቴን ልስጥ ያለን ሰው በቅድሚያ ገንዘብ አምጣ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ረጋ ብላችሁ አስቡ። አባልነት መዋጮ ሊኖረው ይችላል፤ መዋጮ ግን ደረሰኝ አለው።

እናንተም ብትሆኑ ጥፋት ታጠፋላችሁ። የራሴን ልንገራችሁ። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን አረጋውያንን እንርዳ ብለን ማኅበር አቋቋምን። የመጀመሪያው ቅዳሜ 30 ሆነን ወጣን። ቤት ጠረግን፤ እንጨት ፈለጥን፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። በሁለተኛው ቅዳሜ 12 ሆንን። ፈተና ሲደርስ ሦስት ቀረን፤ ከዚያ እኔም ቀረሁ። እኔ ውኃ የምቀዳላቸው አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ። ከወር በኋላ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ሰላም ስላቸው በድምፄ ለዩኝ።

«ልጄ፣ ታመህ ነበር ወይ? ቅዳሜ ቅዳሜ እንስራዬን ደጅ አውጥቼ እጠብቅህ ነበር።»

አፈርሁ። የባሰው ነገር በኋላ ነው የገባኝ። ከእኛ በፊት የጎረቤት ልጅ ትቀዳላቸው ነበር። እኛ ስንመጣ «ተማሪዎቹ አሉ» ብላ ተወች። እኛም ቀረን። ረዳን ብለን የነበረውን እርዳታ አቋረጥንባቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው «በሳምንት ሦስት ቀን እሠራለሁ» ሲለኝ «አንድ ቀን በልና በዚያች ቀን አትቅር» እለዋለሁ። በእርሻና በአጨዳ ወራት የማትችሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የምትቀሩም ከሆነ ሰው ተክታችሁ ቅሩ።

በሉ አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። የማመልከቻ ደብዳቤ እንጽፋለን። ባዶውን ቦታ ራሳችሁ ትሞላላችሁ።

ቀን ............
ለ............ ጤና ኬላ
ጉዳዩ፦ በፈቃደኝነት ለመሥራት ስለመጠየቅ
እኔ ............ የ............ ቀበሌ ነዋሪ ነኝ። ማንበብና መጻፍ እችላለሁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ያለ ክፍያ መሥራት እፈልጋለሁ። የምሠራው ሥራ ካለ እንዲነገረኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
ፊርማ ............

ጻፋችሁ? ለጤና ኬላ ካልሆነ ለትምህርት ቤት በሉት። ረቡዕ ገበያ ያለበት ሰው ቀኑን ይለውጥ። በጣት አትፈርሙ፤ ስማችሁን ጻፉ። ፊደሉ ቢጣመምም ግድ የለም፤ የእኒያ እናት ማመልከቻ ከዚህ የባሰ የተጣመመ ነበር። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ጤና ኬላ ተቀምጠው የክትባት ካርድ ላይ ያለውን ቀን ለእናቶች ያነባሉ።

ለሚመጣው ሳምንት የቅሬያችሁን መዝገብ አስፈቅዳችሁ እዩና የራሳችሁን ስም ፈልጉ። ያላገኘ ሰው ለዳኛው ይንገር። በሚቀጥለው ንግግራችን ደረሰኝ እንዴት እንደሚነበብ እንማራለን። ደህና ሰንብቱ።