የሞባይል ኔትወርክ ትውልዶች፦ ምን ተለወጠ? ማንስ ይቀራል?

በድሬዳዋ ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር



ንግግሬን በአንድ ቀላል ጥያቄ ልጀምር። ስልካችሁ 4ጂ እያሳየ ሳለ ሰው ሲደውልላችሁ ምልክቱ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ወርዶ፣ ጥሪው ሲያበቃ ተመልሶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን ኔትወርኩ ደከመ እንላለን። ነገሩ ግን ሌላ ነው። መልሱን ለማግኘት እያንዳንዱ ትውልድ ውስን የሆነውን የሬዲዮ ሞገድ ለብዙ ተጠቃሚዎች እንዴት እንደሚያካፍል ማየት ይገባናል።

በአገራችን የሞባይል አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ። ያ ሁለተኛው ትውልድ ሞገዱን የሚያካፍለው በጊዜ ነው። 200 ኪሎኸርዝ ስፋት ባለው አንድ መስመር 8 ተናጋሪዎች በየተራ ይስተናገዳሉ፤ ተራው እጅግ ፈጣን ስለሆነ ጆሮ አይለየውም። ዳታ የታከለበት ኋላ ነው፤ ስለዚህም ፍጥነቱ በሰከንድ ከጥቂት መቶ ኪሎቢት አይዘልም።

3ጂ ተራ መጠበቅን አስቀረ። 5 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለውን መስመር ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠቀሙበታል፤ አንዱ ከሌላው የሚለየው በተሰጠው ኮድ ነው። ከፊራ ገበያን አስቡ። ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ አማርኛውና ሐረሪው በአንድነት ይሰማል፤ ሁሉም ግን የራሱን ቋንቋ ለይቶ ያዳምጣል። ጫጫታው ሲበዛ መደማመጥ እንደሚያስቸግር ሁሉ፣ በ3ጂም ተጠቃሚ ሲበዛ ጥራቱ ይቀንሳል።

4ጂ ደግሞ ሰፊውን መስመር እያንዳንዳቸው 15 ኪሎኸርዝ ወደሆኑ ቀጫጭን ንዑሳን ሞገዶች ይከፍልና በየሚሊሰከንዱ እንደየፍላጎቱ ያድላል። ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ግን የተሠራው ለዳታ ብቻ መሆኑ ነው፤ እንደ ቀደሙት ለድምፅ ጥሪ የተለየ መስመር የለውም። ድምፅን በዳታ መልክ የሚያስተላልፈው ቮልቲ በኔትወርኩም በስልኩም ካልተዘጋጀ፣ ጥሪው በታላላቆቹ በኩል ያልፋል። የመግቢያ ጥያቄዬ መልስ ይኸው ነው፦ ኔትወርኩ አልደከመም፤ ታላቁን ጠራ እንጂ።

በግንቦት 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሙከራ የተጀመረው 5ጂ ይበልጥ ሰፊ ሞገድና ብዙ አንቴናዎችን ይጠቀማል፤ መዘግየትንም ያሳጥራል። ይሁንና ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራበት ሞገድ ርቆ ስለማይጓዝ ተቀራርበው የሚተከሉ ብዙ ጣቢያዎችን ይሻል።

አሁን ወደ ከተማችን ልመለስ። ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ያቀረበውም 4ጂን ብቻ ሳይሆን 2ጂንና 3ጂንም ጨምሮ ነው። ከባዶ የሚነሣ ኩባንያ አሮጌውን ትውልድ ለምን ይተክላል? ምክንያቱም በሕዝቡ እጅ ያለው ስልክ አንድ ዓይነት አይደለም።

የድሬዳዋ ልጅ ይህን ከባቡሩ ያውቀዋል። በ1895 ዓ.ም. እዚህ የደረሰው ሐዲድ 1 ሜትር ስፋት ነበረው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ደግሞ 1,435 ሚሊሜትር ነው። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። ለ2ጂ የተሠራ ስልክም በከተማው 4ጂ ስለገባ ብቻ በ4ጂ አይሠራም።

ይህ በወረቀት ላይ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። በባለ ቁልፍ ተራ ስልክ *127# ደውሎ በቴሌብር ገንዘብ የሚልክ ነጋዴ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ መልእክቱ በኔትወርኩ የምልክት መስመር ይጓዛል፤ ስልኩ 2ጂ ብቻ ከሆነ ደግሞ ያለ 2ጂ አይሠራም። በአሜሪካ ትላልቆቹ ኩባንያዎች እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ማብቂያ 3ጂን ዘግተዋል። ሞገዱን ለአዲሱ ትውልድ ማስለቀቅ ትርፍ አለውና ጥያቄው አንድ ቀን ወደ እኛም ይመጣል።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ ኔትወርክ የምትነድፉት፣ መተግበሪያ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። የአዲሱን ትውልድ ፍጥነት መለካት ተገቢ ነው። እኔ የምለምናችሁ ከዚያ በፊት አንድ ነገር እንድትቆጥሩ ነው፦ አሮጌው ሲዘጋ ስንት ሰው ጣቢያው ላይ ይቀራል?