ለሠላሳ ዓመት የታሰበ ሕንፃ፦ የዮሐንስ ዶይከር ሥራ



መሐንዲስ ሕንፃ ሲነድፍ እንዲሰነብት ይመኛል። ሆላንዳዊው ዮሐንስ ዶይከር ግን ዋና ሥራውን የነደፈው ሕንፃው አንድ ቀን አላስፈላጊ እንዲሆን ተስፋ በማድረግ ነበር።

ዶይከር በ1890 በሄግ ተወለደ፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በደልፍት የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1913 ተመረቀ። ከትምህርት ጓደኛው ከበርናርድ ባይፉት ጋር በመሆን በአምስተርዳም ሊሠራ ለታሰበው የሥነ ጥበብ አካዳሚ የወጣውን ውድድር ቢያሸንፍም፣ ሕንፃው ሳይሠራ ቀረ።

ስሙን ያስጠራው በሂልቨርሱም የሚገኘው «ዞነስትራል» ነው፤ ትርጓሜውም «የፀሐይ ጨረር» ማለት ነው። ይህን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማገገሚያ ያሠራው መንግሥት ወይም ባለጸጋ ሳይሆን የአልማዝ ሠራተኞች ማኅበር ነበር። የማኅበሩ ሰው ያን ቫን ዙትፈን፣ አልማዝ ሲሞረድ የሚያዝበትን የመዳብ ዘንግ ውዳቂ እያሰባሰበና እየሸጠ ለሕሙማኑ ገንዘብ አጠራቀመ። እንዲህ ከተገኘ ሣንቲም ላይ ማባከን ነውር መሆኑን ዶይከር በሚገባ የተረዳ ይመስላል።

በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ብርሃን፣ ንጹሕ አየርና ዕረፍት ነበር። በሽታውም በሠላሳ ዓመት ገደማ ይጠፋል ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ ዶይከር ከመሐንዲሱ ከያን ቪቤንጋ ጋር ሆኖ አርማታውን ኃይሉ በሚጠይቀው ቦታ ብቻ አዋለው። አግዳሚ ተሸካሚዎቹ በምሰሶው ዘንድ ወፍረው ወደ ጫፍ ይሳሳሉ። ሶሌታው ከምሰሶው አልፎ ይወጣል፤ የወጣው ክፍል ክብደትም በመሀል የሚደርሰውን የማጉበጥ ጫና ይቀንሳል። ምሰሶው ወደ ውስጥ በመግባቱ የውጪው ግድግዳ ከሸክም ነፃ ሆኖ በቀጭን የብረት መስኮትና በመስተዋት ተሸፈነ፤ መስተዋት በሌለበትም በሽቦ መረብ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ተደረገ። ዋናው ሕንፃ በ1928፣ ሁለተኛው የሕሙማን መኖሪያ በ1931 ተፈጸመ።

ቁጠባው ግን ዕዳ ነበረበት። ቀጭን አርማታ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቶሎ ሲደርስበት ብረቱን ከዝገት የመጠበቅ ኃይሉን ያጣል። ነጠላው መስተዋትም ሙቀት አይይዝም፤ በቀዝቃዛ አየር መተኛት ሕክምናው ለነበረ በሽተኛ ይህ ጉድለት አልነበረም፤ ሙቀት ለሚሻ ተራ ሆስፒታል ግን ነው። ዶይከርን በግድየለሽነት የሚከሱ ይህን ልዩነት ይዘነጉታል።

የታሰበው ደረሰ። በ1943 ስትሬፕቶማይሲን ተገኘ፤ በ1957 ዞነስትራል ወደ ጠቅላላ ሆስፒታልነት ተለወጠ። ከዚያ ቅጥያና ዝገት ተፈራረቁበት። ጥያቄውም ተነሣ፤ እንዲያልፍ የተሠራን ነገር ማቆየት የነዳፊውን ሐሳብ ማፍረስ አይደለምን? በ1988 የዘመናዊ ሕንፃዎችን መዝጋቢና ተንከባካቢ የሆነውን ዶኮሞሞን የመሠረቱት ሁበርት ያን ሄንኬትና ቬሰል ደ ዮንገ ይህን እያወቁ እድሳቱን ያዙ። ከባዱ ሥራ የማይታየው ነበር፤ ቅጥነቱን ሳያወፍሩ ማጠንከርና እንደ ጥንቱ በመሳብ የተሠራ መስተዋት ፈልጎ ማግኘት። የዋናው ሕንፃ እድሳት በ2003 ተፈጸመ፤ በ2010ም የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ሸለማቸው።

ዶይከር ከዚህ አንዱንም አላየም። በ1935 በ44 ዓመቱ ሲሞት፣ በዚያው በሂልቨርሱም የጀመረው የኾይላንድ ሆቴል ገና አላለቀም ነበር። በ1936 የፈጸመለት ከዓመታት በፊት ወደ ፓሪስ የሄደው ባይፉት ነው።