የሚያድግ ልጅና የማያድግ እግር
(በመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 የመረጥሁት ነገር የሐኪም እንጂ የመምህር አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚሁ አስብ ነበር።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ2013 መጨረሻ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወሰን ተሻግሮ ጋምቤላ ገብቷል። ጥይት አጥንቱን የሰበረው፣ እግሩን ወይም እጁን ያጣ ከመካከሉ ጥቂት አይደለም። በጋምቤላ ከተማ በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ርዳታ የተደራጀው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ለአገሩ ተወላጅም ለስደተኛውም ሰው ሠራሽ እግር ሲሠራ ቆይቷል።

የአሠራሩን ነገር ባጭሩ ልናገር። አስቀድሞ የተቈረጠው እግር እብጠቱ እንዲቀንስ በፋሻ ይጠቀለላል፤ ጉልበቱም ታጥፎ እንዳይቀር ሕመምተኛው በየቀኑ ያፍታታዋል። ይህ ካልተደረገ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ የጉማጁ ቅርጽ በጀሶ ይወሰዳል፤ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ በምድጃ ግሎ በቅርጹ ላይ ይለበጣል። ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፣ ውሃም አያበላሸውም። በመጨረሻ ሰውየው በሁለት የብረት መደገፊያዎች መካከል መራመድን እንደ ገና ይማራል።

ጎልማሳ ሰው ይህንኑ እግር ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይሄድበታል። ለሚያድግ ልጅ ግን በየስድስት ወሩ መለወጥ አለበት። በቀይ መስቀል ስሌት፣ በዐሥር ዓመቱ እግሩን ያጣ ልጅ ከዚያ በኋላ አርባ ወይም አምሳ ዓመት ቢኖር ሃያ አምስት ያህል እግር ያስፈልገዋል። እኛ ግን የመጀመሪያው በተሰጠ ዕለት ፎቶግራፍ አንሥተን ሥራው አልቋል እንላለን።

እጩ መምህራን ሲያስተምሩ ለመገምገም በአንድ የመጠለያ ትምህርት ቤት ተገኝቼ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከኋላ ተቀምጦ ወደ ሰሌዳ ና ቢባል እንቢ አለ። ሰነፍ መሰለኝ፤ በእጩው መምህር ላይም «ተማሪዎቹን አያሳትፍም» ብዬ ጻፍሁበት። ክፍሉ ሲበተን ልጁ ከጠረጴዛው ሥር ሰው ሠራሽ እግሩን ሲያወልቅ አየሁት። ጉማጁ ቆስሎ ጨርቁ በደም ርሷል። እግሩ ከተሠራ ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልጁ አድጓል፣ እግሩ አላደገም። ለምን እንዳልተናገረ ብጠይቀው «ይወስዱብኛል ብዬ ነው» አለኝ።

ያፈርሁት በራሴ ነው። አጭር እግር ሲረግጥ ዳሌው ይዘነብላል፣ ወገቡም ይጣመማል። በልጅ ላይ ደግሞ የተቈረጠው አጥንት ራሱ እያደገ ቆዳውን ሊወጋ፣ እንደ ገና ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል። ወላጅ በራሽን ሰልፍና በማገዶ ፍለጋ ተይዟል፤ ፑኝዶን የመሰለ መጠለያ ከጋምቤላ ከተማ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ በክረምትም ጭቃው መንገዱን ያከፋዋል። ልጁን በየቀኑ ሲቆምና ሲራመድ የሚያይ መምህሩ ነው።

ያ እጩ መምህር፣ ከእኔ ይልቅ አስተዋይ ኖሮ፣ የልጁን ቁመት በበሩ መቃን ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ጀመረ። በየሦስት ወሩ እየለካ፣ ትከሻው ሲያዘነብልና ጉማጁ ሲቀላ እየመዘገበ ለጤና ሠራተኛው ይሰጣል። ባለሙያዎቹም ማንን አስቀድመው ማየት እንዳለባቸው ከዚያ ያውቃሉ።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች ይህን መለየት የሚያስችል የጥቂት ሰዓት ትምህርት እንዲሰጥ ነው። ጀሶ መለሰን እንማር አልልም፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው። የመመዝገቢያውን ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ፤ ማየት ለሚወድ ከጉባኤው በኋላ በዚሁ አዳራሽ እቆያለሁ።