ያልሸጥነው ኮምፖስት



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ጎመናችን ሳይሆን ጎመኑ ስለሚበቅልበት አፈር ነው። እንደምታውቁት ከቂርቆስና ከካዛንቺስ ጓዳዎችና ጉሊቶች የአትክልት ቅሪት እየሰበሰብን ኮምፖስት እናዘጋጃለን፤ ከፊሉን ለመደባችን እናውላለን፣ ከፊሉን እንሸጣለን። በቅርቡ ለሽያጭ የደረሰውን ክምር በወንፊት ስንነፋ የፌስታል ብጥስጣሽ አገኘን።

አንድ ጣሳ ወስደን ባልዲ ውሃ ውስጥ በጠበጥነው። የፌስታል ቁራጭና ቅሪቱን የምናመላልስበት የማዳበሪያ ጆንያ ክር ተንሳፈፈ። የሣር ሥር ነው ወይስ ፕላስቲክ ብለን ስንጠራጠር በጋለ መርፌ ነካነው፤ ፕላስቲኩ ቀለጠ። የውሃ ጠርሙስ ስባሪ ግን ከውሃ ስለሚከብድ ከአፈሩ ጋር ይዘቅጣል። ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንሰው፣ ማይክሮፕላስቲክ የሚባለው ደግሞ እየደቀቀ ሲሄድ በዓይን አይታይም። ስለዚህ በባልዲው ላይ ምንም አልተንሳፈፈም ማለት አፈሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ፌስታል እንደ ጎመን ቅጠል አይበሰብስም። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ እግርና ዶማ ይቆራርጠዋል፤ ይደቃል እንጂ አይጠፋም። የምድር ትልም ከአፈሩ ጋር ይውጠዋል።

ሕግ የለም አንልም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረት፣ ከውጭም እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ሕግ የነገውን ፌስታል ያስቀር ይሆናል፤ አፈር ውስጥ የደቀቀውን ግን አያወጣልንም።

በስብሰባችን ተከራከርን። የኮምፖስቱ ገቢ ለብዙዎቻችን የልጅ ደብተርና የወር ቁጠባ ነው። «የሚታየውን ለቅመን እንሽጠው» ያልን ነበርን። አንዲት እናት ግን «ለልጄ ጎመን የማልዘራበትን ለሰው ልጅ እንዴት እሸጣለሁ?» አለች። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ። ክምሩን አልሸጥንም፤ መደባችን ላይም አልበተንነውም።

ከእንግዲህ ቅሪት በፌስታል አንቀበልም፤ በባልዲ ወይም በዘንቢል ይምጣ። የምንለየውም ከመከመራችን በፊት ነው፤ ከበሰበሰ በኋላ መልቀም እንደማያዋጣ አይተነዋል።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ቀደም ሲል «ንጹሕ ኮምፖስት» ብለን ነግረናችኋል። ያን ጊዜ ያልነው ሳንመረምር ነው፤ ይቅርታ። ዘንድሮ ከእናንተ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አፈራችንን በላቦራቶሪ እንድናስመረምር አግዙን። ውጤቱ ቢከፋም ይዘንላችሁ እንመጣለን።